ወፍ የጠራችው ካድሬ

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ጦርነቱ ወደ ስሜን እየተጠጋ በመጣባቸው ዓመታት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ዛሬ ሸምግያለሁ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ጉም በወረደ ቁጥር ግን ያ ቀን ትናንት የሆነ ያህል ይመጣብኛል።

የደባርቅ ልጅ ነኝ። አባቴም አያቴም ነጋዴዎች ነበሩ፤ እኔም በበቅሎ ጨው፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ እየጫንኩ በደረስጌ በኩል ያሉትን መንደሮች አዳርስ ነበር። ነጋዴ ከሁሉም ጋር ተስማምቶ ነው የሚያድረው። ደጋው ላይ የመንግሥት ሰው ያስቆመኛል፤ ቆላ መውረጃው ላይ ደግሞ የጫካዎቹ። ሁለቱንም አቤት ብዬ አልፋለሁ።

በዚያ ጊዜ በአካባቢው ጓድ ታፈረ የሚባል ካድሬ ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። ንግግሩን እንደ ጓደኞቹ በአብዮቱ ይጀምርና መሀል ላይ መንገድ ይስታል። "ገበሬ እህሉን በፈለገው ገበያ ይሽጥ" ይላል። "ልጁን ለጦር የሚሰጥ አባት መጀመሪያ ይጠየቅ" ይላል። ሕዝቡ እርስ በርሱ ይተያያል። እንዲህ የሚሉት ጫካ ያሉት ናቸዋ!

የጫካዎቹ አስተማሪ ደግሞ አንድ ባለጢም ጎልማሳ ነበር። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ አስቁሞኝ፣ ነጋዴ እንዳሻው መሸጥ እንደሌለበት፣ ዋጋ ከላይ መተመን እንዳለበት፣ ያልታዘዘም እንደሚቀጣ ረጅም ትምህርት ሰጠኝ። ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ "ይህን ሰውዬ ከደባርቅ ጽሕፈት ቤት ማን አወጣው?" አልኩ በልቤ። ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ለሁላችንም ይቀለን ነበር።

መጀመሪያ ያነሳሁት የጉም ቀን አንዱ መንደር ስደርስ አገሬው በሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው መስክ ላይ ተሰብስቧል። ዙሪያውን ወታደር ቆሟል። ነገሩ ስላላማረኝ ልመለስ ስል አንዱ ወታደር የበቅሎዬን ልጓም ያዘ።

"የገባ አይወጣም" አለኝ።

የገበሬ ማኅበሩ ጠመንጃዎች ከመጋዘን ወጥተው ጫካ ገብተዋል። በሩ አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ለዚሁ ጉዳይ የመጣ አንድ ሻለቃ ጎረምሶቹን በሙሉ አስሮ ሊወስድ ሲል፣ ጓድ ታፈረ "እባክህ፣ በአውጫጭኝ ይጣራ" ብሎ ለመነው።

አውጫጭኝ የጥንት ሥርዓት ነው። ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲሰወር አገሬው አንድ ቦታ ይታገታል። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል። እነሱም ተመካክረው "ወፍ እንዲህ አለች" ብለው ያወጡታል። ማን እንደተናገረ አይታወቅም። የተናገረችው ወፍ ናት።

ሻለቃው "አንተ ካድሬ ነህ ወይስ ጭቃ ሹም? ይሄ የፊውዳል ጣጣ ነው" ብሎ ሳቀበት። ግን ፈቀደለት።

ከዚያ ጉሙ መጣ። ከገደሉ ሥር ተነስቶ መስኩን ሞላው። ከጎኔ የቆመውን እንጂ ሌላውን ማየት አቃተኝ። ሳል ይሰማል፤ የሚያስለው ሰው አይታይም። በዚያ አገር ቁራ ሳይጮህ የሚውልበት ቀን የለም፤ የዚያን ዕለት ግን አንድም የወፍ ድምፅ አልነበረም። ያስተዋልኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሲወራ ግን ሁሉም አስተውሎት ኖሯል።

ሰዉ ተራ በተራ ለሽማግሌዎቹ እየነገረ ሲመለስ ሻለቃው የኔን ጭነት አስፈታ። የባትሪ ድንጋዩን ሣሩ ላይ ዘረገፈው።

"ይሄ ለማን ራዲዮ ነው?"

"ጌታዬ፣ ለገዛኝ ሁሉ ነው" አልኩ።

"እናያለን" አለ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። አገሬው የራሱን ልጅ አሳልፎ አይሰጥም። መንገደኛ፣ ያውም ባትሪ የጫነ የከተማ ነጋዴ ሲያገኝ ግን ሌላ ነው። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ቀስ በቀስ ራቁኝ። የሁሉንም ስም አውቀዋለሁ፤ አንዳቸውም ዓይኔን ማየት አልፈለጉም። በልቤ ሸሃዳዬን እያልኩ ቆምኩ።

ሽማግሌዎቹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። የፊተኛው አያ ተገኘ ነበሩ፤ መሽቶብኝ ስንት ጊዜ ቤታቸው ያሳደሩኝ የተከበሩ ገበሬ ናቸው።

"ወፍ ተናግራለች" አሉ በዝግታ። "የአገሩን ልጅ አልጠራችም። መንገደኛውንም አልጠራችም። የጫካውን ቃል በጠራራ ፀሐይ የሚናገር አንድ ሰው አለ ብላለች። እሱም ወንበር ላይ ተቀምጧል።"

መስኩ ላይ የነበረው አንድ ወንበር ነው። ሻለቃው ቆሟል። የተቀመጠው ጓድ ታፈረ ነው።

ከጉሙ ውስጥ የሆነ ሰው ሳቅ አምልጦት መልሶ ዋጠው። ሻለቃው ግን አልሳቀም።

"እውነት ነው?" አለው።

ጓድ ታፈረ ወደ እኔ ዞረ። ሣሩ ላይ የተበተነውን ባትሪ አየ፤ ፊቴን አየ። ጣቱን ወደ እኔ ቢቀስር አልቆልኝ ነበር፤ ያንንም ሁለታችንም እናውቃለን።

"ቁልፉን አልሰጠሁም" አለ ቀስ ብሎ። "ይህ ነጋዴም የለበትም። የተናገርኩትን ግን ተናግሬያለሁ።"

"እሱንማ ሁላችንም ሰምተናል" አለ ሻለቃው።

ሁለት ወታደሮች መሀል አድርገው ወሰዱት። አልገፉትም፣ አላሰሩትም። እየተናገረ ሄደ። ጉሙ ከዋጠው በኋላም ድምፁ ይመጣ ነበር፤ ስለ እህል፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ልጆች፣ ልክ ስብሰባ ላይ እንደሚናገረው። ከዚያ ቃሉን ሳይጨርስ ድምፁ ቆመ። ተኩስ አልሰማንም። ጉሙ ተገልጦ መንገዱ ሲታይ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም።

ወንበሩ እዚያው መስኩ ላይ ቀረ። ማንም ወደ ቤቱ ሊያስገባው አልደፈረም።

ከጊዜ በኋላ አያ ተገኘን "ለምን እሱን?" ብዬ ጠየቅኳቸው። 

"ሰይድ፣ የአገር ልጅ አንሰጥም አልነ። እንግዳም አንሰጥም አልነ። እሱን ብንጠራ ነገሩ ሳቅ ሁኖ ይበተናል ብለን ነው። መንግሥት የራሱን ሰው ይበላል ብለን መቼ አሰብነ?" አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ቁልፉን የሰጠውን ሰው እሳቸውም አያውቁትም ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በዚያው መንደር አለፍኩ። መስኩ ላይ ስብሰባ ነበር። የመጣው ባለሥልጣን ጢሙን ተላጭቷል፤ እኔ ግን ድምፁን ለየሁት። ያ ቁልቁለቱ ላይ ያስተማረኝ ሰውዬ ነው። ወንበር ጠየቀ። ያንኑ ወንበር፣ ዝናብ ያጠቆረውን፣ ጠርገው አመጡለት። ተቀመጠና ስለ ትእዛዝ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ቅጣት መናገር ጀመረ። ያ ሻለቃ ተመልሶ የመጣ ነው የመሰለኝ።

አያ ተገኘ አጠገቤ በምርኩዝ ቆመዋል። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "ደግሞ ወፍ እንዳትመጣብን" አሉኝ።

በሕይወት በመትረፌ ደስ ይለኛል፤ ምን እዋሻለሁ። ግን የምበላው እንጀራ የዚያ ሰው ትራፊ ይመስለኛል። ዛሬም አንድ ሹም ወንበሩ ላይ ሆኖ የልቡን ሲናገር ስሰማ ደስ ከማለት ይልቅ እፈራለታለሁ። ንግግሩን ትቼ ጆሮዬን ወደ ውጭ እሰጣለሁ፤ ወፎቹ እየጮሁ መሆናቸውን ለማጣራት።