አንድ የተሟላ፣ አርባ አንድ ውድቅ

ኢክላስ የመርካቶው በርበሬ በረንዳ ያሳደጋት ልጅ ናት። እናቷ ሀስና በጋሼ ዘይኑዲን ሱቅ ደጃፍ ሃያ ስምንት ዓመት በርበሬ ቀንጥሳ ነው ዲግሪ ያስያዘቻት። እናቷ ብቻም አይደለችም። ሀስና የታመመች ጊዜ ኢክላስን ያዘለቻት አብራት የምትቀነጥሰው ወርቅዬ ናት። ልጅ ሆና በርበሬ በነካ እጇ ዓይኗን አሽታ ስታለቅስ፣ ከደጃፉ አርባ ሁለት ሴቶች ተነስታ ፊቷን ያላጠበቻት የለችም።

ዛሬ አብነት አካባቢ፣ አንድ የጥናት ድርጅት ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። ሰዎች በስልካቸው የሞሉት መጠይቅ ወደ ሲስተሙ ይገባል፤ ሲስተሙ አንዱን “የተሟላ”፣ ሌላውን “ውድቅ” ይለዋል፤ እሷ ደግሞ ሁለቱን ደምራ ከገባው መልስ ጋር ታስታርቃለች። ማስታረቅ ይሉታል እንግዲህ። የሰፈር ሽማግሌ ቢሆን ከመፍረዱ በፊት ሁለቱንም ወገን ይሰማ ነበር፤ እዚህ ግን የሚሰማ የለም፣ ቁጥሩ ከገጠመ በቃ።

የሰሞኑ መጠይቅ እንደ ሌላው አልነበረም። አሮጌው በረንዳ ፈርሶ ሕንፃ ሊቆምበት ነው። ሱቅ ሳይኖራቸው በሰው ደጃፍ የሚሠሩ ሰዎች በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት መቀመጫ ይሰጣቸዋል ተብሏል፤ የሚሰጠው ግን መልሱ “የተሟላ” ለተባለ ሰው ብቻ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

ሠራተኛ የቤተሰቡን መጠይቅ እንዳይነካ ክልክል ነው፤ ኢክላስም ፈርማበታለች። ፈርማ ስታበቃ ቅዳሜ ከሰዓት ሄዳ የእናቷን ሞላች። ደጃፉ ላይ ኢንተርኔት ያለው ስልክ የወርቅዬ ልጅ የሱንዱስ ብቻ ስለሆነ በእሱ ነው የሞላችው። “ስልክ ቁጥር” የሚለው ጋ ስትደርስ፣ ሳታስብበት፣ የጋሼ ዘይኑዲንን ጻፈች። ሀስና ስልክ የላትም። ሰው ሲፈልጋት እሳቸው ጋ ይደውላል፤ እሳቸውም ከሱቃቸው ሆነው ይጠሯታል። የሌሎቹም እንዲሁ ነው። ለቅሶም ይሁን ምሥራች ለዚያ ደጃፍ የሚደርሰው በዚያ ቁጥር ነው።

ሱንዱስ ስልኳን ስትቀበላት፣ “የሌሎቹንስ?” ብላ ጠየቀቻት።

“የእማዬን እንዳደረግኩት አድርጊ” አለቻትና ታክሲ ለመያዝ ተጣደፈች። ሱንዱስም የተባለችውን አደረገች።

ሰኞ ጠዋት ኢክላስ ሲስተሙን ስትከፍት አርባ ሁለት ሴት፣ አንድ ስልክ ቁጥር። ሲስተሙ መጀመሪያ የገባችውን ሀስናን ተቀብሎ፣ አርባ አንዱን “ተደጋጋሚ” ብሎ ጥሏቸዋል። ክው አለች።

የወደቀ መልስ የሚነሳበት አንድ መንገድ ብቻ አለ። ሌላ ሠራተኛ በተሞላው ቁጥር ደውሎ ሴቲቱ መኖሯን ያረጋግጣል፤ እስኪያረጋግጥ ድረስ ስለምን እንደደወለ መናገር አይችልም። ሥራው ለኃይለልዑል ደረሰው። አጠገቧ የሚቀመጥ፣ ከመመሪያ ውልፍት የማይል ልጅ ነው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ።

“ጤና ይስጥልኝ። ወይዘሮ ወርቅዬ የሚባሉ በዚህ ቁጥር ይገኛሉ?”

“ከየት ነው?” አሉ ጋሼ ዘይኑዲን።

“ከቢሮ ነው።”

“አላውቃትም።”

ኢክላስ ለምን እንዲህ እንዳሉ ገብቷታል። መርካቶ ውስጥ ከቢሮ ተደውሎ “እከሊት አንተ ጋ ትሠራለች?” ሲባል አዎ የሚል ነጋዴ የለም። አዎ ካለ ሠራተኛህ ናት፣ ግብሯን ክፈል ይባላል፤ ከዚያ እሷም ከደጃፉ ትነሳለች። ይህን ኢክላስ ፊደል ሳትቆጥር ነው የተማረችው። ጋሼ ዘይኑዲን ደግ ሰው ናቸው። በደግነታቸው አርባ አንዱንም፣ አንድ በአንድ፣ ሳይሰለቹ ካዷቸው። ከድምፃቸው ኋላ የወርቅዬ ሳቅ ይሰማ ነበር።

ኃይለልዑል ስልኩን ዘግቶ፣ “አንቺ የዚያ ሰፈር ልጅ አይደለሽ? ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?” አላት።

አዎ ብትል ያን ቁጥር ማን እንዳስሞላቸው ይጠየቃል። የእናቷ መልስ ይሰረዛል፤ እሷም ከሥራ ትባረራለች።

“ሰፊ ሰፈር ነው” አለችው።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ልትናገር ስንቴ ተነስታ ስንቴ ተቀመጠች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ፤ የሚያውቀው ግን ዝም ያለው ሰው ብቻ ነው። ኃይለልዑል በአርባ አንዱ ስም ፊት “ሐሰተኛ” ብሎ ሞላ፤ እሷ ደመረች። የተሟላውና ውድቁ ከገባው ጋር ልክ ገጠመ። አለቃዋ መጥቶ አመሰገናት።

ከሥራ ስትወጣ በዚያ ደጃፍ ማለፍ አልፈለገችም፤ እናቷን ይዛ ወደ ቤት መሄድ ግን ነበረባት። ሴቶቹ በበርበሬው ክምር ዙሪያ ተቀምጠው ሲሳሳቁ ደረሰች።

“ነይማ ኢክላስ፣ ጉድ ስሚ” አሏት ጋሼ ዘይኑዲን። “ዛሬ አንዱ፣ ከየት እንደሆነ እንጃለት፣ ጠዋቱን ሙሉ እየደወለ የእነዚህን ስም ሲጠራ ዋለ። አንዷንም አሳልፌ አልሰጠሁም።”

“እግዜር ያክብርልን ጋሼ፤ እርስዎ ባይኖሩ ማን ነበረን” አለች ወርቅዬ። ከዚያ ወደ ኢክላስ ዞረች። “የእኛስ ነገር እንዴት ሆነ? ገባልን?”

ኢክላስ የእናቷን ዓይን ሸሸች። “ገብቷል” አለች።

ወርቅዬ በርበሬ ያቀላውን እጇን ዘርግታ መረቀቻት። “አሳድገን ቁም ነገርሽን አየን። ክፉ አይንካሽ፣ ልጄ። ወንበርሽን ያጽናልሽ።”

ሴቶቹ ሁሉ አሜን አሉ። ኢክላስም አብራቸው አሜን አለች።