ቆዳ ሰፊውና የአባቷ ማኅደር

ወለተሐና ከአባቷ የቀረላትን የዳዊት ማኅደር ታቅፋ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ገበያ ገባች። ማንገቻው ተበጥሷል። ቆዳው ስላረጀ መርፌ አንዴ ከሳተ ቀዳዳው ተመልሶ አይደፈንም።

ቆዳ ሰፊው አዲሱን የስፌት መኪናውን ዘይት አጠጣ፤ ወፍራም ክር አስገባና መጀመሪያ የገዛ ቀበቶውን ጫፍ ሰፋ። ቀበቶው ዙሪያውን የሙከራ ስፌት ሞልቶታል።

«ቀበቶህ አለቀ እኮ፣ ወንድሜ» አለችው።

«የሰው ዕቃ ከሚበላሽ ቀበቶዬ ይለቅ፣ እቴ።»

ከዚያ የማኅደሩን ማንገቻ ከመርፌው ሥር አድርጎ፣ ፔዳሉን ትቶ መንኰራኩሩን በእጁ ቀስ እያለ አዞረ። መርፌውን በዓይኗ ተከተለች። ሲጨርስ ማንገቻውን በኃይል ሳበው፤ አልተነቃነቀም። ማኅደሩን ተሳልሞ መለሰላት።

«አባቴም ዳዊት ደጋሚ ነበሩ» አለ። «ቆዳ ሰፊ ስሆን ተቀይመውኝ አረፉ። ዛሬ ቢያዩኝ...»

ወለተሐና ማኅደሩን አነገተች።

«አይተውሃል» አለችው።