ሻሹና ሞተሪኖው

ሰመራ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ የቤንዚን ሽታ አቆመኝ።

ልጅ ሳለሁ የአባቴ መኪና ሎጊያ ላይ አልነሳ አለ። የተበላሸው ሞተር ማስነሻ፣ ሞተሪኖው፣ አየር አስገቢው ማኒፎልድ ስር ስለሆነ፣ አባቴ ማኒፎልዱን ፈትቶ አነሳው። የሞተሩ አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ተከፍተው ሳለ አሸዋ ያዘለ ነፋስ መጣ። መድፈኛ ጨርቅ አጣን። አባቴ፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ የመኪናው መስታወት ላይ የተንጠለጠለውን ሻሿን አየው።

«አባዬ፣ እሱን ተው!»

«አሸዋ ከገባበት ሞተሩ አለቀለት፣ ልጄ። ብትኖር ራሷ ፈትታ ትሰጠኝ ነበር» ብሎ ቀዳዳዎቹን በሻሹ ደፈነ።

ሞተሪኖው ተጠግኖ መኪናው ተነሳ፤ ሻሹም ቦታው ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ አፍንጫዬን ሻሹ ውስጥ ቀብሬ እናቴን ፈለግኋት። የሸተተኝ ቤንዚን ብቻ ነበር።

«እህቴ፣ መኪናሽ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ የጋራዡ መካኒክ።

«መኪና የለኝም» አልኩት፤ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።