የረቡዕ ጠዋት ቃለ ጉባኤ

እኔና ባለቤቴ አብረን ለመጨረሻ ጊዜ ያደረግነው ተራ ነገር የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በምክር ቤታቸው ጥያቄ ሲመልሱ ማየት ነበር። አየርላንድ ሄደን አናውቅም፤ እዚያ ዘመድም የለንም። ያየናቸው ቶሮንቶ ውስጥ፣ ክሬሰንት ታውን ከሚባለው የፎቆች ሰፈር፣ ከአፓርታማችን ወጥ ቤት ነው። ላፕቶፑ የስኳሩን ዕቃ ተደግፎ ቆሟል፤ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል መሃላችን ነበር። ደብሊን እኩለ ቀን ሲሆን እኛ ጋ ጠዋት አንድ ሰዓት ስለሆነ የረቡዕ ቁርሳችንን የምንበላው ሁልጊዜ ከእሳቸው ጋር ነበር።

ይህ ልማድ የመጣው ባለቤቴ ይንከባከባቸው ከነበሩ አንድ ሽማግሌ ነው። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ሥራው ቤት ለቤት እየሄደ አረጋውያንን መርዳት ነበር። ሽማግሌው ዳንፎርዝ አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አየርላንዳዊ ነበሩ፤ ገላቸውን ከመታጠባቸው በፊት፣ መድኃኒታቸውን ከመዋጣቸው በፊት፣ የአገራቸው ምክር ቤት ካልተከፈተላቸው አይነሱም። ተከፍቶላቸውም ይጮኹበታል። ባለቤቴ ደግሞ አዲስ አበባ ሳለ በአንድ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበር። ሰዎች ተሰብስበው ሲነጋገሩ እያየ እጁን አጣምሮ መቀመጥ አይሆንለትም። ደብተር ገዛ። ሽማግሌው ሲሞቱ ሌላ ሰው እንዲረዳ ተመደበ፤ ምክር ቤቱ ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ይከፍለዋል። በግራ ጥያቄ፣ በቀኝ መልስ። ከመልሱ ሥር «መለሱ» ወይም «አልመለሱም» ወይም «ዞሩ» ብሎ ይጽፋል። «ዞሩ» የሚለው ስለ አውቶቡስ ተጠይቆ ስለ ባቡር ለሚናገር ሰው ነው። በእነዚያ ዓመታት ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ ተቀያየሩ። ባለቤቴ አንዳቸውንም አልደገፈም፣ አንዳቸውንም አልጠላም። ማዕረጉ በእነሱ ቋንቋ ቲሾክ ይባላል፤ ቃሉን ወዶት ኖሮ እኔ ቤት ውስጥ ትእዛዝ ሳበዛ «እሺ፣ ክብርት ቲሾክ» ይለኝ ነበር።

የምክር ቤቱን ሥርዓትም ያስተማረኝ እሱ ነው። ጠያቂው መልሱን ከሰማ በኋላ ተጨማሪ ጥያቄ የማንሳት መብት አለው። ጊዜው አጭር ነው፤ ካለፈ አፈ ጉባኤው ደወል ይደውላል። አንድ ቀን፣ «ይኼ ሰውዬ መልሱን አያውቅም እንዴ?» አልኩት፤ የሚጠይቀው ወረቀት ይዞ፣ ሁሉንም ነገር ራሱ ሲዘረዝር ሰምቼ።

«ያውቃል እንጂ! እዚያ ማንም የማያውቀውን አይጠይቅም።»

«ታዲያ ምን ያደክመዋል?»

«ከአፋቸው ለመስማት ነዋ፣ አንቺ ደግሞ!»

ባለፈው ክረምት፣ በረዶው ገና ሳይጠና፣ ካፖርቱን ለላውንደሪ ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ የሆስፒታል ቀጠሮ ወረቀት አገኘሁ። ለጨጓራ ነው የምታየው ብሎኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክፍል ግን ለጨጓራ ሰው የሚላክበት አልነበረም። ልጃችን ጋ ደወልኩ። የተወለደችው እዚሁ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትጨነቅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

«አባትሽ ምን ሆኗል?»

አለቀሰች።

«አይ ካንት፣ እማ። ፕሮሚስ አስገብቶኛል።»

«ምን ብሎ?»

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ እሷ አትችለውም ብሎ።»

«ስንት ጊዜ አለው?»

«እማ፣ ፕሊዝ።»

«ስንት ጊዜ አለው ነው ያልኩሽ።»

ነገረችኝ። ረጅም አልነበረም። የወጥ ቤቱን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አፌ ላይ መጀመሪያ የመጣውን ተናገርኩ።

«እኔ ማወቄን ለአባትሽ እንዳትነግሪው።»

«ዋት?»

«ፕሮሚስ ግቢልኝ።»

«እማ፣ ይሄ ኖርማል አይደለም! እሱ ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ...»

«አታውቅም ብሎ ነው የሚበረታው። ግቢልኝ ብያለሁ።»

«እናንተ ሰዎች!» አለችኝ፣ እሷ ከሌላ ቤት እንደመጣች ሁሉ። ግን ገባችልኝ።

እንግዳ ነገር አላደረግንም። እናቴ አዲስ አበባ በታመመችበት ጊዜ ልጆቿ በሙሉ ተስማምተን በሽታዋን ደብቀናታል። ጨጓራ ነው አልናት። «ጨጓራ በሏት፣ ጨጓራ ማንንም አያስደነግጥም» ብሎ የመከረን ባለቤቴ ነበር። እናቴ ጨጓራዬን ነው እያለች፣ ነጠላዎቿንና ጫማዎቿን ለጎረቤት አከፋፍላ ጨርሳ ነው የሞተችው። እኛ ምስጢሩን ጠብቀን መሸኘታችንን እንደ ሙያ ቆጠርነው። ስለዚህ ባለቤቴ ጨጓራ ሲለኝ ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ። የእሱ አዲስ ነገር ታማሚውም ደባቂውም ራሱ መሆኑ ብቻ ነው።

ሦስት ወር እንዲህ ኖርን። እሱ መክሳቱ እንዳይታይ ሁለት ሹራብ ደራርቦ ይለብሳል፤ እኔ ቤቱ ይሞቃል ብዬ አልጠይቅም። ሱሪው ሲሰፋው፣ በሌለበት ወገቡን አጠበብኩለት። እሱም ሱሪው ለምን ልክ ሆኖ እንደቀጠለ አልጠየቀም። ልጃችን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምሳ ልትበላ ስትመጣ ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተክላ ትበላና ቶሎ ትሄዳለች።

ከዚያች ከመጨረሻዋ ረቡዕ በፊት በነበረው ቀን፣ ከሐኪም ሲመለስ፣ ከሳብዌይ ባቡር ጣቢያው ወደ ፎቆቹ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ሲያርፍ በመስኮት አየሁት። ቤት ሲገባ ሊፍቱ አቆየኝ አለ። ጠዋት ቁርስ ላይ አንዲት የምክር ቤት አባል ተነስታ ጠየቀች፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መለሱ፤ ባለቤቴ ጻፈ። እኔም ዳቦ እየቀባሁ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ፣ «ክቡር ቲሾክ፣ ትናንት ሐኪሙ ምን አለ?» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። የሹራቡን እጅጌ እንደ ኮት አስተካከለ።

«የተከበሩት አባል ላነሱት ጥያቄ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጉዳዩ በሚመለከተው አካል እየታየ ነው።»

ሳቅን። እሱ ከሳቀም በኋላ እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ እንዳቆመ ያየኝ ጀመር። ተጨማሪ ጥያቄ የማንሳት መብት ነበረኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ አፈ ጉባኤው ደወላቸውን ደወሉ።

ዓርብ ዕለት ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያ አልወጣም። እዚያም አላቆምንም። የሆስፒታሉ ሐኪም ስትመጣ ውሃ አምጪልኝ ብሎ ያስወጣኛል። እኔ ደግሞ ኮሪደር ላይ ጠብቄ እጠይቃታለሁ፤ እሱ ስለፈቀደላት ሁሉን ትነግረኛለች። መፍቀዱን ሰምቼ እንኳ ለምን ብዬ አላሰብኩም። ውሃውን ይዤ እገባለሁ።

«እየተሻለው ነው አለችኝ» እለዋለሁ።

«ለእኔም እንደዚያው ነው ያለችኝ» ይለኛል።

ኤግሊንተን መንገድ ላይ ስለማያልቀው የባቡር ቁፋሮ አወራን። ስለ አውቶቡስ አወራን። አንድ ማለዳ እጁን ይዤው እያለ ሞተ፤ የመጨረሻ ቃሉ መጋረጃውን ክፈቺው የሚል ነበር።

ቀብሩን ተከትሎ ቤቱ በቤተ ክርስቲያን ሰው ተሞላ። አንዲት እህት አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ታውቂ ነበር እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ጌታ የወደደውን ወሰደ» አልኳት።

ባለቤቴ ቢሰማ «ዞሩ» ብሎ ይጽፍ ነበር።

ደብተሩ ፍሪጁ ላይ እንደተቀመጠ ሳምንታት አለፉ። ያወረድኩት ፍሪጁን ላጸዳ ብዬ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። የሴትዮዋ ጥያቄና የጠቅላይ ሚኒስትሩ መልስ አለ። ከእነሱ ሥር፣ በዚያው በተስተካከለ እጅ ጽሑፍ፣ በግራ በኩል እንዲህ ይላል፦ «ሐኪሙ ምን አለ?» በቀኝ በኩል፦ «በሚመለከተው አካል እየታየ ነው ተብሏል። አልመለሱም።» ከታች መስመሩን ሳይጠብቅ ገጹን ሙሉ ይዞ ጽፏል፦

«ጠያቂዋ መልሱን እያወቁ መጠየቃቸው ታይቷል። ተጨማሪ ጥያቄ ይጠበቅ ነበር፤ አላቀረቡም። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ረቡዕ ተላልፏል።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ሆስፒታል ነበርን።

ተናደድኩበት። ከባዶ ወጥ ቤት ጋር ተጣላሁ። እስክሪብቶህን አስቀምጠህ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት አልኩት። ሳንሰነባበት የቀረነው ደንቡ ተራው የእኔ ነው ስለሚል ነው? ደንቡ ተራው የእኔ ነው ይላል፣ እውነት ነው። እኔም ሻይ ጠጣ አልኩ።

እሑድ ልጃችን ስትመጣ ገጹን አነበብኩላት፤ አማርኛ ማንበብ አትችልም። እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ማወቅሽን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እኔ ነገርኩት ብለሽ ታስቢያለሽ? አልነገርኩትም፣ እማ። አይ ስዌር።»

«አንቺ አይደለሽም። ፊቴ ነው የነገረው። ሱሪውም ይሆናል።»

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረና ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ሦስት ወር ሙሉ በሁለት መሐላ መካከል ያስቀመጥናት ልጅ እንደሆነች ያኔ ነው የታየኝ። ይቅርታ አድርጊልን አልኳት። ቀና ብላ ፊቷን ጠረገች።

«አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

የአባቷን እስክሪብቶ አነሳች፣ ደብተሩ ላይ አቆመችው፣ እንደ እሱ አየችኝ።

«ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ» አለች። «እንዴት ነሽ?»

እንቁላል ስቀቅል አሁንም ሁለት እንደምጥል፣ ሁለተኛውን ልጬ እንደምደፋው ነገርኳት። እሱ ሊገባ ነው ብዬ የበሩን ሰንሰለት ሳልቆልፍ እንደምቀመጥ ነገርኳት። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲደውል ስልኩን እያየሁ እንደማላነሳ ነገርኳት። ብዙ አወራሁ፤ ደወል የሚደውል አልነበረም።

አሁን ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት በአንድ ሰዓት ላፕቶፑን ከፍቼ ድምፁን እቀንሳለሁ። ልጄ ሥራ ከመግባቷ በፊት ትደውላለች፣ ሁለት ጊዜ ትጠይቀኛለች። ሁለቱንም እመልስላታለሁ፤ የመለስኩትንም በደብተሩ እጽፋለሁ።