ቀሪ ያሉን ዕለት

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። «ሰፋሪዎች ከባሕር ማዶ በሚገዛቸው መንግሥት ላይ ለምን ያምፃሉ?» ብዬ ስጠይቅ ተማሪዎቼ «ግብር ስለበዛባቸው» ይላሉ። ድሮ «ትክክል» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን አላልፍም። እኔም አምፄ አይቼዋለሁዋ!

ከአሰላ ወርደን ኦጎልቾ የሰፈርን አሥራ አንድ ቤተሰቦች ነን፤ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ነጋዴ። እድራችን ግን እዚያው አሰላ ቀረ። እዚያ ሰው በሞተ ቁጥር ሥራችንን ጥለን ዳገቱን እንወጣለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ ከቀብር መልስ ስማችን ሲጠራ «አቤት» እንላለን። ደንብ ሲወጣ ግን የሚጠራን የለም። ያም ሆኖ ችለን ኖርን፤ ያደግንበት እድር ነው፣ ዳኛውም አባቴ ናቸው።

አምና ክረምት ጎረቤቴ፣ ነርሷ፣ ባሏ ሞተባት። ወዲያው አሰላ ደወልን። «ድንኳኑ ከከተማ እንዳይወጣ ተወስኗል» ተባልን። መቼ? ማን ወሰነ? ዶፉ ይወርዳል፣ ለቀስተኛው ደጅ ቆሟል። በመከር ጊዜ ስንዴ የሚያፈሱበትን ሸራ ተሸክመው የደረሱልን የኦጎልቾ ገበሬዎች ናቸው። ሸራውን ወጥረው፣ ጉድጓዱንም ቆፍረው፣ «አይዞሽ» እያሏት ሦስት ቀን አብረውን ተቀመጡ።

በሳምንቱ ከአሰላ ደብዳቤ መጣ። ለካ በዚያው ዕለት እዚያም ቀብር ነበረ። ስም ተጠርቶ አሥራ አንዳችንም «ቀሪ» ተብለናል፤ ጉባኤ ፊት ቆመን ይቅርታ እንድንጠይቅ ታዘናል። ጉድ እኮ ነው! የራሳችንን ሬሳ ጥለን የእነሱን ልንቀብር ኖሯል? ደሜ ፈላ።

እሑድ ሁላችንም አሰላ ወጣን። አዳራሹ ሞልቷል፤ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ዘርግተዋል።

«ይቅርታ ጠይቁና ነገሩ እዚሁ ይብቃ» አሉ።

«ማን ማንን ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዥ! ከእድር ከወጣችሁ ነገ ማን ሊቀብራችሁ ነው?»

«ትናንት የቀበሩልን!»

ቤቱ ተንጫጫ። «ምን ዓይነት ባለጌ ናት!» ያለም ነበር። ነርሷ ከል እንደለበሰች ብድግ አለችና «እኔን ሰርዙኝ» አለች። ሌሎቹም ተራ በተራ ተነሡ። አባቴ እየጠሩ ሰረዙ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ። ያገባሁ ዕለት ስሜን እዚያ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያቺን የ«ቀሪ» ውሳኔ ቢያነሡልን ኖሮ እግራቸው ላይ በወደቅሁ ነበር። አላነሡም። መዝገቡን ከፊታቸው ሳብኩና ስሜን በገዛ እጄ ሰረዝኩት።

አባቴ በሩ ድረስ ተከትለውኝ ወጡ። «እኔ ስሞትስ?» አሉኝ፣ ሰው እንዳይሰማ ዝግ ብለው።

አንጀቴን በሉት። እንባዬ መጣ።

«እግዜር ያርቀው! እርስዎን ለመቅበርማ የማንንም ጥሪ አልጠብቅም፣ አባዬ» አልኳቸው። «ይቅርታ ግን አልጠይቅም።»