ሙላቱ ያልመረጣት ሽጉጥ

ባለፈው ሳምንት ወረታ መገንጠያው ላይ የደብረ ታቦር መኪና ስጠብቅ፣ ከከተማው ዳር የቀብር ተኩስ ተሰማ። በዚህ ዕድሜዬ ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ቁጭ አልሁ። አጠገቤ የቆመው የባጃጅ ሾፌር «አባባ፣ ለቅሶ እኮ ነው» አለኝ። መሆኑንማ አውቃለሁ።

የዛሬ አርባ ዓመት፣ ጎረምሳ ሳለሁ፣ ቁሐር ሚካኤል የምትባል መንደር ነበርን፤ ወሩም ጥር። ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ ጥቁሩ ዋልካ አፈር መሰነጣጠቅ ጀምሯል፣ ሩዙ ታጭዷል፣ መንደሩ የተጠበሰ የሽምብራ እሸት ይሸታል። ሥራ ሲቀል ጎረምሳው የበሬ አጥንት ኩይሳ ላይ አቁሞ ኢላማ ይተኩሳል። ጠመንጃ ያለው በጠመንጃ፣ የሌለው ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ በሚጠቀጠቅ አሮጌ ሽጉጥ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ሙላቱ ሁለቱም ስላልነበረን አንድ ጠቦት ለለውጥ እየነዳን አንበሳሜ ከተማ ሄድን።

እዚያ አያ በላይ የሚባሉ ሽማግሌ ሁለት ሽጉጥ አወጡልን። አንዷ አጭር፣ ወፍራም፣ መልከ ጥፉ ናት። ረጅሟን ግን በዝና እናውቃት ነበር፤ ትልቅ ሰው በሞተ ቁጥር ለቀብር የምትተኮስ፣ ድምፅዋ ወረታ ድረስ ይሰማል የሚባልላት።

ሙላቱ አጭሯን አንስቶ በጥፍሩ አንኳኳት።

«ይችን እንያዝ፤ ብረቷ ወፍራም ነው» አለ።

«ይችን ይዘህ ሰው ፊት ልትቆም?» አልሁት።

አያ በላይ ረጅሟን እያሻሹ፣ «ልጆቼ፣ ይች የለመደችው ለቅሶ ነው። ለድምፁ ስንል ባሩዱን እጥፍ ነው የምናጎርሳት። እርሳስ ከቀመሰች ቆይታለች» አሉ።

ሰውየው ብረቷ በባሩድ ብዛት ደክሟል ብለው እያስጠነቀቁን ነበር፤ ለእኔ ግን ሙገሳ መሰለኝ። ጉርምስና ካፈርሁ አይመልሰኝ ነውና ሙጭጭ ብዬ ተከራከርሁ። ሙላቱ ጭቅጭቅ አይወድም። «እሽ፣ ያልኸው ይሁን» ብሎ አጭሯን መልሶ አስቀመጠ።

በማግስቱ ታላቅ ነውና መጀመሪያ እሱ ተኮሰ። ጭሱ ሲገፈፍ አጥንቱ እንደቆመ ነው፤ የሽጉጧ ብረት ግን ለሁለት ተሰንጥቋል። ሙላቱ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን መሬት ላይ ይፈልጋል። የቀረለት አውራ ጣቱ ብቻ ነበር።

አባታችን ጤና ጣቢያ አልጋው አጠገብ ቆሞ «ማን ነው የመረጣት?» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሙላቱ «እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለ።

አባቴም በዚያው ፈረደ። «ሁለት ልጅ ለማስተማር አቅም የለኝም፤ ማስተዋል ያለው ይማር» ብሎ እኔን ትምህርት ቤት ላከ። እኔ መምህር ሆንሁ። ሙላቱ ጅራፉን ክንዱ ላይ በጠፍር እያሰረ አረሰ።

አባቴ ያንን እንዳመነ ሞተ። ሙላቱ ዛሬም ቁሐር አለ። ልጆቹ ስለ እጁ ሲጠይቁት፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እያለሁ፣ «በሞኝነቴ ነው፤ ምነው አጎታችሁን በሰማሁት ኖሮ» ይላቸዋል። መጀመሪያ የዋሸው እኔን ሊያድን ነበር። አሁን አሁን ሳየው ግን ከልቡ ነው የሚናገረው፤ አርባ ዓመት ሲደጋግመው እውነት ሆኖበታል። ከእንግዲህ ማን እንደመረጣት የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ልነግረው ብዬ ስንት ጊዜ ቤቱ ሄጄ፣ ጠላውን ጠጥቼ ተመለስሁ።