የአባቴ ውፍረት

ሚዛን ላይ ቆሞ የሚጨበጨብለት ሰው ሳይ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። ምክንያቱ የአባቴ ነገር ነው።

አባቴ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒታቸውን ሊጨርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ ከማስተምርበት ከአርብ ገበያ ከተማ ወደ መንደራችን መጥቼ ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። ሕመሙ አጥንታቸውን አስቆጥሮ ነበር። በየወሩ ይመዘናሉ፤ በየወሩ «ከሚፈለገው በታች» ይባላሉ። ያን ቀን የመጡት ባዶ እግራቸውን ነው። እግራቸው አብጦ ኮንጎ ጫማቸው አልገባ ብሏቸው ነበር። ወጣቱ የጤና ባለሙያ ግን ባዶ እግራቸውን ሲያይ ደስ አለው።

«ጎበዝ አባቴ! ሚዛን ላይ ያለ ጫማ ነው የሚወጣው። እርስዎ ገብቶዎታል።»

ከዚያ ኪሎውን ለቁመታቸው፣ የወጣውን እንደገና ለቁመታቸው በስልኩ አካፈለና ጮኸ። «ቢኤምአይ አሥራ ዘጠኝ! ኖርማል ገቡ!» ባለፈው ወር በዚሁ የውፍረት ልኬት አሥራ ስድስት ነበሩ። ባልደረቦቹን ጠርቶ አስጨበጨበ። ለግምገማ የሚያቀርበው ነው ብሎ ግድግዳ አስደግፎ ፎቶ አነሳቸው። አባቴም ደስ ብሏቸው ሆዳቸውን ገፋ አድርገው ቆሙ። ያ ሆድ ውኃ የሞላ አቁማዳ ነበር የሚመስለው፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ለእሱ ነው ያጨበጨቡት።

ጎንበስ ብዬ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«ወንድሜ፣ እስቲ ና ይኼን እይ። ይኼ ሥጋ ነው?» አልኩት።

ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። «እህቴ፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው። ምነው ደስ አይልሽም?»

እዚያው እፊቱ ባስታውክ በወደድኩ።

መንደሩም ያው ነው። ጎረቤት እየመጣ «እሰይ፣ ወዝ ገባዎት፣ ወፈሩ!» ይላቸዋል። እኛ ዘንድ ወፈርክ ማለት ምርቃት ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም አሜን እል ነበር። ያን ሰሞን ግን መራቂውም ምርቃቱም አስጠላኝ። አባቴ ለጥ ብለው መተኛት አቅቷቸው ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚያድሩት። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ልውሰድዎ ብላቸው ተቆጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ታሟርቺብኛለሽ? ድነዋል ያለኝ እኮ የተማረ ሰው ነው። ገብሱን ሳልዘራ ንቅንቅ አልልም!»

የተነቃነቁት ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር ሲሳናቸው ነው። መኪና መንገድ ድረስ በቃሬዛ አወጣናቸው። የተቀበለን ሐኪም ሚዛን ሳይፈልግ መጀመሪያ እግራቸውን ተጫነ። ነቀርሳው የልባቸውን ሽፋን ጎድቶት ውኃ በሰውነታቸው ተጠራቅሟል፤ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አታገኟቸውም ነበር አለን። ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ጀመሩላቸው። ያ ሁሉ የተጨበጨበለት ኪሎ ሽንት ሆኖ ወጣ። ፖፖውን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፤ እሱ እንኳ የጭብጨባውን ያህል አላስጠላኝም።

አባቴ ከስተው፣ ግን ትንፋሻቸው ተመልሶ ቤታቸው ገቡ። አሁን ደግሞ ጎረቤቱ እየመጣ ከንፈሩን ይመጥ ጀመር። አንዷማ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች፤ ሰውየው ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው እህል እየበሉ!

መድኃኒት ልንቀበል ጤና ጣቢያ ስንመለስ ያው ልጅ መዘናቸው። ስልኩን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«አባቴ፣ ምን ነካዎት? ተመልሰው አሥራ ስድስት ገቡ እኮ! ፎቶዎን ለስንቱ አሳይቼ፣ አሁን ምን ልበል?»

የሆዴን ልነግረው አፌን ስከፍት አባቴ እጄን ያዝ አደረጉኝ። ከሚዛኑ ቀስ ብለው ወረዱና ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ስሞት አጨበጨብክልኝ። አሁን ስድን ታዝንብኛለህ?»

ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ በሩ ዞሮ «ቀጣይ!» አለ።